አሽ ዛፋችሁ ሳይሞት በፊት መወሰን ያለባችሁ ነገር

ሚኒሶታ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሀበሻ ስለ ጣሪያው ይጠይቃል። ስለ ፈርነሱ ይጠይቃል። ቤዝመንቱ ውሃ ያስገባ እንደሆነም ይጠይቃል። ደጁ ላይ ስለቆመው ዛፍ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ዛፍ ነዋ! ጥላ ይሰጣል፣ ኦክቶበር ላይ ቅጠሉን ያራግፋል፣ አለቀ።

ያ ዛፍ አሽ (ash) የሚባለው ከሆነ ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። አሽን የሚገድል ጥንዚዛ ስለገባ፣ አሽ ዛፍ ዛሬ ወይ ይታከማል ወይ ይቆረጣል። ዝም ብሎ የሚተው ሰው መቁረጥን መርጧል፣ ያውም በውድ ዋጋ። እኛ ሴንት ፖል ውስጥ መንገዳችን ላይ ያሉትን አሽ ዛፎች ከጎረቤት ጋር ተመካክረን ከፊሉን አትርፈናል፣ ከፊሉን አስቆርጠናል። እንዴት እንደወሰንንና ምን እንደተማርን ልንገራችሁ፤ ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል።

ጠላታችን ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚባል ጥንዚዛ ነው። እዚህ ሰዉ ባጭሩ ኢ.ኤ.ቢ. ይለዋል። የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቢያዩት ያምራል። አገሩ ምሥራቅ እስያ ነው፦ ቻይና፣ ኮሪያ፣ የሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ። አሜሪካ ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ2002 ዲትሮይት አካባቢ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በዕቃ ማሸጊያ እንጨት ውስጥ ሆኖ ሳይገባ እንዳልቀረ ይታመናል። ሰው ባወቀው ጊዜ ለዓመታት ሲራባ ቆይቶ ነበር። ሚኒሶታ ውስጥ የተገኘው በ2009 ነው፤ መጀመሪያ የታየውም እዚሁ ሴንት ፖል ውስጥ ነው። ሚኒሶታ ደግሞ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ አሽ ዛፍ አላት። በአሜሪካ ይህን ያህል አሽ ያለው ሌላ ስቴት የለም።

የከተማው መንገዶች ለምን በአሽ እንደተሞሉ ያጫወቱን አጠገባችን የሚኖሩ አንድ አዛውንት ፈረንጅ ናቸው። ዱሮ ደጃፉ ሁሉ ኤልም የሚባል ዛፍ ነበር። በ1970ዎቹ በጥንዚዛ የሚዛመት የፈንገስ በሽታ መጣና ኤልሙን ጠራርጎ ወሰደው። ከተሞቹ ባዶውን ቦታ ከሞሉባቸው ዛፎች ዋናው አሽ ሆነ። አሽ ብርድ ይችላል፣ ቶሎ ያድጋል፣ የከተማ አፈር አያስከፋውም። "አንድ ዓይነት ዛፍ ሲያልቅባቸው ሌላ አንድ ዓይነት ዛፍ ተከሉ" አሉን ሽማግሌው። ይህን አባባላቸውን በኋላ ስንተክል አልረሳነውም።

ጥንዚዛው ራሱ ቅጠል ቢበላ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ጉድ የሚሠራው እጩ፣ ማለትም ገና ትል የሆነው የጥንዚዛው ልጅ ነው። እናቲቱ በበጋ የቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። እጩ ይፈለፈልና ቅርፊቱን ቦርቡሮ ይገባል። ከቅርፊቱ ስር ዛፉ ምግቡንና ውሃውን የሚያመላልስበት ስስ ክፍል አለ። እጩ እዚያ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይበላል፤ መንገዱ እንደ እባብ ጠመዝማዛ ነው። እጮቹ ሲበዙ መንገዶቹ ይገናኛሉ፣ የዛፉ መተላለፊያም ዙሪያውን ይቆረጣል። የእስያ አሽ ዛፎች ከጥንዚዛው ጋር አብረው ስለኖሩ መከላከያ አበጅተዋል። አብዛኛው የአሜሪካ አሽ ግን ይህ ነው የሚባል መከላከያ የለውም። ጤነኛ ሆነ፣ በደንብ ውሃ ጠጣ፣ ለውጥ አያመጣም። "የእኔ ዛፍ ጠንካራ ነው" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን እነግረዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ዛፋችሁ አሽ መሆኑን አረጋግጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አሽ ላይ ቅርንጫፎች የሚወጡት ፊት ለፊት ተያይተው ነው እንጂ ተራ በተራ አይደለም። አንዱ የቅጠል ዘንግ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 9 ትንንሽ ቅጠሎችን ይይዛል። ያረጀው ዛፍ ቅርፊት የአልማዝ ቅርጽ እንደሰጡት መረብ የተሸነታተረ ነው። ሜፕልም ቅርንጫፉ ፊት ለፊት ነው፣ ግን አብዛኛው ሜፕል ቅጠሉ ነጠላና ሰፊ ነው። ቦክስኤልደር የሚባለው ያወናብዳል፤ እሱ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ትንንሽ ቅጠሎች ነው ያሉት። ማውንቴን አሽ የሚሉት ደግሞ በስም ብቻ ነው አሽ፤ ይህ ጥንዚዛ አይነካውም። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ቅጠሉን፣ ቅርንጫፉንና ግንዱን ለየብቻ ፎቶ አንስታችሁ የከተማችሁን የደን ክፍል ጠይቁ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን አገልግሎትም የመለያ መመሪያ አለው።

ቀጥሎ ምልክቱን ፈልጉ። ለመፈለግ ጥሩው ጊዜ ቅጠል የሌለበት የበረዶው ወራት ነው። መጀመሪያ ነገሩን የሚያሳብቀው ወፍ ነው። ግንደ ቆርቁር እጩን ፍለጋ የላይኛውን ቅርፊት እየላጠ ይጥለዋል። ዛፉ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ጠባሳ ያወጣል። መንገዳችን ላይ የመጀመሪያውን የታመመ ዛፍ ያወቅነው በዚህ ነው፤ በባይኖኩላር ከመስኮት ሆኖ ይታያል። ከዚያ ጥንዚዛው የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፦ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ አንዱ ጎኑ ቀጥ ያለ ሌላው ጎኑ ክብ። ሙሉ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ የሌላ ነፍሳት ሥራ ነው፤ አትደንግጡ። ሌሎቹ ምልክቶች የዛፉ አናት መሳሳትና ከግንዱ ላይ ድንገት ቀጫጭን ቅርንጫፎች መብቀል ናቸው። አናቱ ሳስቶ ስታዩት ጥንዚዛው ዓመታት አስቆጥሯል ማለት ነው። ለዚህ ነው ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ የምለው። ሠፈራችሁ ውስጥ ኢ.ኤ.ቢ. ካለ፣ የእናንተም ዛፍ ውስጥ እንዳለ ቁጠሩት።

በነገራችን ላይ ሰው አረንጓዴ ጥንዚዛ ባየ ቁጥር ፎቶ ይልክልኛል። ጽጌረዳችሁን የሚበላው መዳብ የመሰለ ክንፍ ያለው የጃፓን ጥንዚዛ ነው፤ ሌላ ጣጣ ነው። የእኛውን ጥንዚዛ ቆሞ ማየት ራሱ ብርቅ ነው።

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። በዛፍ ስሌት ውስጥ ዋናው ቁጥር የግንዱ ውፍረት ነው። ከመሬት 4 ጫማ ተኩል ከፍታ ላይ፣ ደረታችሁ አካባቢ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ለኩና ለ3.14 አካፍሉ። ዙሪያው 63 ኢንች ቢሆን ውፍረቱ 20 ኢንች ነው። የመርፌ ሕክምናው (ግንዱ ውስጥ የሚገባው መድኃኒት፣ ዝርዝሩ ወደ ታች አለ) ዋጋ በዚህ ኢንች ነው የሚሰላው። ብዙ ጊዜ የሚጠራው ዋጋ በኢንች ከ10 እስከ 15 ዶላር ነው። በ12 ዶላር ብታሰሉት ለባለ 20 ኢንቹ ዛፍ 240 ዶላር ይሆናል፣ ለሁለት ዓመት። ትልቅ ዛፍ ማስቆረጥ ደግሞ በሺህ ዶላር ነው የሚጠራው፤ ቤት ላይ ወይም መብራት መስመር ላይ ካጋደለ ይብሳል። ጉቶ ማስፈጨቱም ብዙ ጊዜ ለብቻ ይከፈላል።

ገንዘብ ብቻ ግን አይደለም። ዛፉ ከቅጠሉ 30 በመቶ በላይ ካጣ መድኃኒቱን ወደ ላይ የሚያደርስበት መንገድ ተቆርጧልና ገንዘባችሁ ይባክናል። በመንገዳችን ላይ የተስማማነው እንዲህ ነበር፦ ትልቅ፣ ጤነኛና ቤትን የሚያጠላ ዛፍ ይታከም። ቀጭን አሽ ይነሳና በቦታው ሌላ ይተከል፤ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ከመክፈል ይሻላል። መብራት መስመር ስር የተጣመመ፣ ግንዱ የተሰነጠቀ፣ አናቱ የደረቀ አሁኑኑ ይቆረጥ። "ሁሉንም እናድን" የሚል ጎረቤት ነበረን። ልቡን ወድጄለታለሁ፣ ግን እንዲህ ያለ ዕቅድ ሁለተኛው ክፍያ ሲመጣ ይፈርሳል። ጥቂት መርጦ እስከ መጨረሻው ማከም ይሻላል።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት የአገራችን እናት ይኖራሉ። ጓሯቸው ውስጥ ትልቅ አሽ አለ። ለማስረዳት ሄድኩ።

"እማማ፣ ዛፍዎ መታከም አለበት።"

"ምን ሆነ ልጄ? ይኸው አረንጓዴ አይደል እንዴ?"

"አሁን አረንጓዴ ስለሆነ ነው እኮ። ከደረቀ በኋላ ሐኪም አያድነውም።"

"ታዲያ ከተማው አይከፍልም?"

ይህ ጥያቄ የሁላችንም ነው። መልሱ ዛፉ በቆመበት ቦታ ይወሰናል። በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መሃል ባለው ሳር ላይ ያለው ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ የከተማው ነው። ከእግረኛ መንገዱ ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው። የከተማውን ዛፍ በራሳችሁ ወጪ ማሳከም ብትፈልጉም መጀመሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ፤ ምናልባት ሊቆረጥ በዕቅድ ተይዞ ይሆናል። የራሳችሁ ዛፍ ላይ ደግሞ ከከተማው ማስጠንቀቂያ ከመጣ ደብዳቤውን ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር አትጣሉት። የጊዜ ገደብ አለው። ገደቡ ካለፈ ከተማው አስቆርጦ ወጪውን ከንብረት ግብራችሁ ጋር ሊያስከፍላችሁ የሚችልባቸው ቦታዎች አሉ። አቅም ከሌላችሁ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውሉና ድጋፍ ወይም በጊዜ የሚከፈል መንገድ ካለ ጠይቁ። ሳይጠየቅ የሚነግራችሁ የለም።

እማማ ዛፋቸውን አሳከሙ። ቡናቸውን የሚያፈሉት እሱ ጥላ ስር ነው፤ ብዙ ማግባባት አላስፈለገም።

ስለ መድኃኒቱ ልንገራችሁ። ለትልቅ ዛፍ የሚሻለው ኢማሜክቲን ቤንዞኤት የሚባለው ነው። ባለሙያው ከግንዱ ስር፣ ሥሩ መስፋት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳና መድኃኒቱን በግፊት ያስገባዋል። ዛፉ ራሱ ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይስበዋል። ለሁለት ዓመት ይሠራል፤ ሦስተኛውን ዓመት የሚሸፍንበትም ጊዜ አለ። ጥሩው ወቅት ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ነው፦ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን አጋማሽ። አፈሩ እርጥብ መሆን አለበት። ድርቅ ከሆነ ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ዛፉን አጠጡት፤ የጠማው ዛፍ መድኃኒት አይስብም። ዝናብ አጥሮ በነበረ ዓመት ውሃ የጠጡት ዛፎች መርፌውን ቶሎ ሲጨርሱ፣ ያልጠጣው ዛፍ ባለሙያውን ግማሽ ቀን አስቁሞታል።

ራሳችሁ ከሱቅ ገዝታችሁ አፈር ላይ የምታፈሱት ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባል መድኃኒትም አለ። ርካሽ ነው፣ ለቀጫጭን ዛፎች ይሠራል። ግን በየዓመቱ መደገም አለበት፣ አበባ ያለበት መደብ ላይ ካፈሰሳችሁት ንብ ይገድላል፣ ወንዝና ኩሬ አጠገብም አይሆንም። እኔ በግሌ አልወደውም። መንገዳችን ላይ ኬሚካል ጭራሽ የማይፈልጉ ጎረቤትም ነበሩ። በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት ዛፉ ውስጥ ስለሚቀርና አሽ አበባው በነፋስ ስለሚዳቀል ንብ ላይ ያለው ስጋት አነስተኛ መሆኑን ባለሙያው ሲያስረዳቸው ሐሳባቸውን ቀየሩ። ከእስያ የመጡ ጥቃቅን ተርቦችም አሉ። ከ2007 ጀምሮ መንግሥት እየለቀቃቸው ነው፤ የጥንዚዛውን እንቁላልና እጭ ይገድላሉ። ለጫካው ተስፋ ናቸው። ደጃችሁ ያለውን ትልቅ ዛፍ ግን በጊዜው አያደርሱለትም።

ባለሙያ ስትመርጡ ተጠንቀቁ። በር እያንኳኳ "ዛፋችሁ ታሟል፣ ዛሬ ከፈላችሁ በቅናሽ" የሚል ሰው ከመጣ አመስግናችሁ በሩን ዝጉ። ቢያንስ ከሁለትና ከሦስት ቦታ ኢስቲሜት ውሰዱ። የፀረ ተባይ ፈቃዱን ያሳይ፤ ሚኒሶታ ውስጥ በክፍያ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ከግብርና መምሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የኢንሹራንስ ወረቀቱን ያሳይ። ውሉ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ የዛፉ ውፍረትና የሚታከምበት ወር ይጻፍ። "ሕክምና" ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው ነገ ማዳበሪያ ሰጥቷችሁ ሊሄድ ይችላል። አንዱ ጎረቤታችን ላይ ይሄው ደርሷል፤ ደረሰኙ ላይ ስም ስላልነበረ የሚከራከርበት ነገር አጣ።

ዋጋ የምታስቀንሱት አንድ ላይ ስትሆኑ ነው። ድርጅቱ መኪናውን አንዴ አቁሞ አንድ ቀን ውስጥ ብዙ ዛፍ ከሠራ ዋጋ ይቀንሳል። እኛ የመንገዱን ዛፎች በአንድ ወረቀት ዘርዝረን፣ ውፍረታቸውን ጽፈን፣ ያንኑ ዝርዝር ለሁሉም ድርጅት ላክን። ሁሉም ለአንድ ዓይነት ዝርዝር ዋጋ ሲሰጡ ማወዳደር ቀላል ሆነ። ገንዘቡን የሰበሰበችው እቁብ መሰብሰብ የለመደች ጎረቤታችን ናት፤ ማንም አላመለጣትም። በኪራይ ቤት ያሉት አከራያቸውን እንዲያናግሩ ዝርዝሩንና ዋጋውን ሰጠናቸው። ኢሜይል ላይ "ዛፉ ሊወድቅ ይችላል" የሚል ቃል ሲኖር አከራይ ቶሎ ይመልሳል።

የሚቆረጠውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ሞቶ እስኪደርቅ አትተዉት። በዚህ ጥንዚዛ የሞተ አሽ በጣም ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ቅርንጫፍ ያለ ነፋስ ይወድቃል። ዛፍ ቆራጮቹ እንዲህ ያለ ዛፍ ላይ መውጣት አይፈልጉም፤ ክሬን ወይም ባለ ማንሻ መኪና ይጠይቃሉ፣ ሒሳቡም በዚያው ልክ ይወጣል። ከተቻለ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ አስቆርጡ። ያኔ ጥንዚዛው አይበርም፣ እንጨቱን ማጓጓዝም ያነሰ አደጋ አለው።

ስለ ማገዶ ትንሽ ልቆጣ። ጥንዚዛው በራሱ ክንፍ ሩቅ አይሄድም። ከስቴት ስቴት ያዳረሰው ሰው ነው፣ ማገዶ በመኪና ጭኖ። የፌዴራል መንግሥቱ የኳራንቲን ደንቡን (ጥንዚዛው ካለበት ቦታ እንጨት እንዳይወጣ የሚከለክለውን) ጃንዋሪ 2021 ላይ አንስቷል። ሚኒሶታ ግን የራሷ ደንብ አላት፤ ኳራንቲን ውስጥ ካለ ካውንቲ የአሽ እንጨትም ሆነ ጥድ ያልሆነ ማገዶ ያለ ፈቃድ አይወጣም። በስቴት ፓርኮችም የተፈቀደ ማገዶ ብቻ ነው የሚገባው። ስለዚህ የቆረጣችሁትን እንጨት ለካምፒንግ ወይም ለዘመድ ባርቤኪው ብላችሁ ወደ ሰሜን አትጫኑት። ማገዶውን የምታነዱበት ቦታ ደርሳችሁ ግዙ። ደቅቆ የተፈጨው ግን እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ለዛፍ ስር ማልበሻ ይሆናል።

በመጨረሻ መትከል ነው። የዛፍ ባለሙያዎች የሚጠቅሱት አንድ ልኬት አለ፦ ከአንድ ዝርያ ከ10 በመቶ፣ ከአንድ ወገን ከ20 በመቶ፣ ከአንድ ቤተሰብ ከ30 በመቶ በላይ አትትከሉ። የሽማግሌው ጎረቤታችን ነገር እዚህ ላይ ነው የሠራው። ሰዉ ሁሉ በመከር ቀይ የሚሆነውን ሜፕል ነበር የፈለገው። መንገዱን ዞረን ስንቆጥር ግን ሜፕሉ ቀድሞም በዝቷል። ስለዚህ አንዱ ኦክ፣ አንዱ ሀክቤሪ፣ አንዱ በሽታ የሚቋቋም ኤልም ወሰደ። ኬንታኪ ኮፊትሪ የተባለውን ብዙ ሀበሻ በስሙ ምክንያት ይመርጠዋል፤ የእኛ ቡና ዘመድ አይደለም፣ ጥሬ ፍሬውም መርዛማ ነውና ልጆች እንዳይነኩት። ዛፍነቱ ግን ጥሩ ነው።

ጉቶ ከማስፈጨታችሁም ሆነ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ፤ የጋዝና የመብራት መስመሩን መጥተው በነፃ ምልክት ያደርጉላችኋል። ስትተክሉ ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከአፈር በላይ ይታይ፤ ጠልቆ የተተከለ ዛፍ ከዓመታት በኋላ ታንቆ ይሞታል። የተፈጨውን እንጨት ግንዱን ሳያስነኩ ዙሪያውን አልብሱት። ለሦስት በጋ ያህል በየሳምንቱ ውሃ ይፈልጋል። ግንዱ ላይ የሚታሰረው አረንጓዴ የውሃ ከረጢት ይህን ያቀልላል፤ አብዛኛው 20 ጋሎን ይይዛል፣ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። በረዶ ሊጥል ሲል ከረጢቱን አንሱና ግንዱን በሽቦ መረብ ክበቡት። የሚኒሶታ ጥንቸል በክረምት ሌላ የምትበላው ስታጣ የሕፃን ዛፍ ቅርፊት ነው የምትግጠው፤ መረቡም ከበረዶው ክምር በላይ ከፍ ማለት አለበት፣ ጥንቸሏ በረዶው ላይ ቆማ ትደርስበታለችና።